ትናንት የት ላይ ነበርን?

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ደራሲ መድረክ ላይ ሲወጣ የሚጠብቀው ጥያቄ ይታወቃል። «ሐሳቡን ከየት ነው የሚያመጡት?» የሚል ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም። መልሱ ግን አጭር ነው፤ ሐሳብ ከየትም ይመጣል። መንገድ ላይ ከተሰማ ወሬ፣ ከቤተሰብ ጠብ፣ ከጋዜጣ ጥግ። እዚህ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ልቦለድ የሚወጣው ታሪክ ያውቃል። ሐሳብ አጥቶ መጻፍ ያልቻለ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። አርባ ገጽ ጽፎ ያቆመ ሰው ግን ሞልቷል። ዛሬም ከመካከላችን ሳይኖር አይቀርም።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ሌላ ጥያቄ ላውራ። ትናንት ማታ ጥለውት የተኙትን ነገር ዛሬ ጠዋት እንዴት ነው የሚቀጥሉት? ይህን የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ሙያው ያለው ግን እዚህ ላይ ይመስለኛል። ልቦለድ መጻፍ በአብዛኛው ወደ ጀመሩት ነገር መመለስ ነው። ቴክኒክ የምንለው ነገር ሁሉ፣ ሰዓቱም፣ ማስታወሻውም፣ እርማቱም፣ ይህን መመለስ ለማቅለል የመጣ ነው።

የአጭርና የረጅም ልቦለድ ልዩነት የገጽ ብዛት ይመስለናል። እኔ ግን ልዩነቱ እንቅልፍ ነው እላለሁ። አጭሩን ሳይተኙ መጨረስ ይቻላል። ፍራንዝ ካፍካ «ፍርዱ» የተባለውን አጭር ልቦለድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1912 በአንድ ሌሊት ጻፈው። የቀን ማስታወሻው ላይ እንዳሰፈረው ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ በአንድ ቁጭታ ነው የጨረሰው። በጣም ደስ ብሎት ነበር። መጻፍ ማለት እንዲህ ነው፣ ከዚህ ሌላ መንገድ የለም ብሎ አመነ። ታዲያ ይኸው ሰው ሦስት ረጃጅም ልቦለዶች ጀምሮ አንዱንም አልጨረሰም። በ1924 ሲሞት ሦስቱም ተንጠልጥለው ቀሩ። ኋላ ያሳተመለት ጓደኛው ነው። በሽታው አለ፣ የቢሮ ሥራው አለ፣ ምክንያቱ ብዙ ነው። ግን በአንድ ትንፋሽ ካልሆነ አልጽፍም ያለ ሰው ረጅም ልቦለድ ላይ መቸገሩ አይቀርም።

ምክንያቱም በረጅሙ ልቦለድ መሃል እንቅልፍ አለ። ሥራ አለ። ጉንፋን አለ። ሠርግና ለቅሶ አለ። ከእያንዳንዱ በኋላ ደራሲው ተመልሶ ገብቶ በትናንቱ ድምፅ መቀጠል አለበት። አንድ ጥሩ ልቦለድ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ድምፅ ያለው የሚመስለን በአንድ ስሜት ስለተጻፈ አይደለም። ተናዶም፣ ደክሞም፣ ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖም የጻፈ ሰው እንደ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ስፌቱን ስለደበቀው ነው።

የደራሲ የሥራ ቀን ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን መስኮት፣ ጠረጴዛና ከጠዋት እስከ ማታ ነጻ የሆነ ቀን ነው። እንዲህ ያለ ኑሮ የገጠመው ደራሲ ጥቂት ነው። ናጊብ ማህፉዝ በ1971 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። የካይሮን ቤተሰብ በሦስት ተከታታይ መጻሕፍት የተረከበትን ግዙፍ ሥራ የጻፈው ቀን ቀን ቢሮ እየገባ ነው። የኖቤል ሽልማቱ የመጣው ቆይቶ በ1988 ነው። ቶኒ ሞሪሰን አሳታሚ ድርጅት ውስጥ የሌሎችን መጻሕፍት ኤዲት እያደረገች፣ ሁለት ልጆች ለብቻዋ እያሳደገች፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ትጽፍ ነበር። የእኛው ሐዲስ ዓለማየሁ አርበኛም፣ ዲፕሎማትም፣ ሚኒስትርም ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ድርሰት አይደለም።

ይህን የምላችሁ «እነሱ ከቻሉ እናንተስ» ለማለት አይደለም። እንደዚያ ያለ ምክር ያስጠላኛል። ማለት የፈለግኩት ሌላ ነው። የቀን ሥራ የሚወስድብን ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ጭንቅላትም ይወስዳል። ማታ አንድ ሰዓት ነጻ ሆኖ ጭንቅላቱ ግን አሁንም ከአለቃው ጋር የሚከራከር ሰው ያቺ ሰዓት ብትኖረውም የለችውም። እኔን ከሁሉ የሚከብደኝ ቀኑን ሙሉ የሚያጽፍ ሥራ ነው። ሪፖርት፣ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ ሲጽፉ ውለው ማታ ወደ ልቦለድ ሲዞሩ ቃላቱ የቢሮ ጠረን ይዘው ይመጣሉ። «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» የምትል ገጸ ባህርይ አጋጥማኛለች። ይህ ግን ሕግ አይደለም። በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ ነበር፤ ጋዜጠኝነቱ ልቦለዱን ጠቀመው እንጂ አልጎዳውም።

ስለ ሰዓት አጠቃቀም ከእንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ የበለጠ ግልጽ ሆኖ የተናገረ ደራሲ አላውቅም። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ያውም ከፍ ያለ ኃላፊነት ላይ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ሰዓቱን ፊቱ ያስቀምጣል። በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት መጻፍ አለበት። ከዚያ ለብሶ ወደ ሥራው ይሄዳል። በዚህ መንገድ 47 ልቦለዶች ጻፈ። የሕይወት ታሪኩ ከሞተ በኋላ በ1883 ታትሞ ይህ ሁሉ ሲታወቅ ብዙ አንባቢ ቅር አለው። ደራሲ መንፈስ ወርዶለት ይጽፋል ሲባል የኖረ ሰው፣ ሰዓት እያየ ቃል የሚቆጥር ሲያገኝ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ 250 ቃላቱ ነው። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። ትሮሎፕ በየጠዋቱ ከሚቀመጥበት ሦስት ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት አይጽፍም ነበር። ትናንት የጻፈውን ያነብ ነበር። የቃላቱን ድምፅ በጆሮው እየመዘነ ያነባል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ይህ ሰው ለመመለስ ራሱን የቻለ ጊዜ መድቧል ማለት ነው። ፍጥነቱ የመጣው ከዚያ ግማሽ ሰዓት ይመስለኛል።

ሄሚንግዌይ ደግሞ ችግሩን ከሌላ ጫፍ ያዘው። ቀጥሎ የሚሆነውን እያወቀ ያቆም ነበር። ገና የሚጻፍ ነገር እያለው ይነሳል። ነገ ሲመጣ ባዶ ገጽ አይጠብቀውም፤ የሚጠብቀው ያልተቋጨ ነገር ነው። አብዛኞቻችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ምዕራፉን ካልጨረስኩ አልተኛም እንላለን። እንጨርሳለን፤ ደስ ይለናል። በማግስቱ ጠዋት ምዕራፍ 9 የሚል ጽሑፍና ከሥሩ ነጭ ገጽ ቁጭ ብሎ ያፈጥብናል።

እኔ ሁለቱንም አቀላቅዬ እሠራለሁ። ከመነሳቴ በፊት ከገጹ ግርጌ ለነገው ሰው መልእክት እጽፋለሁ። ሥነ ጽሑፍ አይደለም፤ ተራ ወሬ ነው። «ነገ እህትየው በሩን ትከፍታለች። ደብዳቤውን ግን አታየውም። ዝናቡን አትርሳ» ይላል። የነገው ሰው እኔ አይደለሁምና ሊነገረው ይገባል። እውነቴን ነው፤ ዝናቡን ይረሳዋል።

ትናንት የተጻፈውን ማንበብ ግን አደጋም አለው። ማንበብ ወደ ማረም ይዞራል። ማረም ደስ ይላል። ለደራሲ ሥራ የሠራ እየመሰለው ካለበት ንቅንቅ እንዳይል የሚያደርገው ይህ ነው። የአርባ ገጹን ሰው ስታገኙት ጠይቁት። በየቀኑ ከገጽ አንድ ይጀምራል። የመጀመሪያው ምዕራፍ መስታወት ሆኗል። ሦስተኛው ገና አጥንቱ አልቆመም። ለዚህ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ያለፉትን ሁለት ሦስት ገጾች ብቻ አንብቦ ወደ ፊት መሄድ። ምዕራፍ አንድ ይጠብቅ። ልቦለዱ ሲያልቅ ያ ምዕራፍ መቀየሩ አይቀርም።

አሁን ወደ መሃሉ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልቦለዶች የሚሞቱት እዚህ ነውና።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ይቻላል። ሰውዬው ሐኪም ሊሆን ይችላል፣ ሌባም ሊሆን ይችላል። እየጻፋችሁ ስትሄዱ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ በር ይዘጋል። ሐኪም ነው ካላችሁ ሐኪም ነው። መሃል ስትደርሱ የቀረው በር ጥቂት ነው፤ መጨረሻው ደግሞ ገና አይታይም። ልክ በዚህ ሰዓት አዲስ ሐሳብ ይመጣል። ሌላ ልቦለድ። ቆንጆ፣ ንጹሕ፣ አንድም እንከን የሌለው። እንከን የሌለው ስላልተጻፈ ነው። ግን ያን ጊዜ ይህ አይታያችሁም። ይሄኛውን ትታችሁ ወደዚያ ትሄዳላችሁ። እሱም በተራው መሃል አለው።

አዲስ ሐሳብ ሲመጣ አልታገለውም። ለብቻው ደብተር ላይ ሁለት ገጽ እጽፍለትና እዘጋዋለሁ። ከዚያ ወደ አሮጌው እመለስና ዝርዝር እሠራለሁ። ዝርዝሩ ለአንባቢ የገባሁት ዕዳ ነው። ምዕራፍ ሁለት ላይ አንድ ሰው ያልተከፈተ ፖስታ ኪሱ ከቷል። ዕዳ ነው። ምዕራፍ አራት ላይ ሴትየዋ «እዚያ ቤት ዳግመኛ አልረግጥም» ብላለች። ይህም ዕዳ ነው፤ ወይ ትረግጣለች፣ ወይ አለመርገጧ አንድ ነገር ያስከፍላታል። መሃል ላይ «ቀጥሎ ምን ይሁን?» ብዬ ስጠይቅ መልስ አላገኝም። «ምን አለብኝ?» ብዬ ስጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው ትዕይንት እዚያው ዝርዝሩ ውስጥ ተቀምጧል።

ከዚህ ዝርዝር ጋር ሌላ ደብተር አለ። በየአገሩ ያሉ ደራሲዎች በተለያየ መልክ ይይዙታል። አንዳንዱ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ አንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ሠንጠረዥ ይሠራል። ዕድሜ፣ የዘመድ ዝምድና፣ ታሪኩ የተፈጸመበት ወርና ቀን፣ የቤቱ አቀማመጥ፣ ማን በየትኛው እጁ እንደሚጽፍ። አሰልቺ ሥራ ነው። ነገር ግን የማስታወስ ችሎታውን የሚያምን ደራሲ ሰርቫንቴስን ያስብ። በ1605 በወጣው የዶን ኪሆቴ የመጀመሪያ ክፍል የባለታሪኩ አሽከር የሳንቾ አህያ መሃል ላይ ትጠፋለች። እንዴት እንደጠፋች አልተነገረም። ከዚያ ደግሞ ሳይባል ሳይነገር ሳንቾ እዚያችው አህያ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። አንባቢ ሳቀ። ሰርቫንቴስ በ1615 ሁለተኛውን ክፍል ሲያወጣ ገጸ ባህርያቱን ራሳቸውን ስለዚህ ጉዳይ እያነጋገረ ተሳለቀበት፤ ጥፋቱን ወደ አታሚው የሚያላክክ ሰውም አስገባ። እንዲህ ዓይነት መውጫ ለሁሉ አይገኝም።

ከደብተሩ ሁሉ የበለጠ የሚጠቅመኝ ገጽ ግን የአህያ ገጽ አይደለም። «ማን ምን ያውቃል?» የሚለው ነው። እህትየው ምዕራፍ 6 ላይ ከበር ጀርባ ሆና ሰምታለች። ታዲያ ምዕራፍ 11 ላይ እንደማታውቅ ሆና ከጠየቀች፣ ወይ ደራሲው ረስቷል፣ ወይ እሷ እየዋሸች ነው። ሁለቱ በጣም የተለያዩ መጻሕፍት ናቸው። የታሪክ ሴራ የምንለው ነገር ሲገለጥ በአብዛኛው ይኸው ነው፤ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው የማያውቅበት፣ አንባቢ ደግሞ ከአንዱ ቀድሞ ከሌላው ዘግይቶ የሚያውቅበት አከፋፈል።

እስቲ በቅርበት አንድ ነገር ላሳያችሁ። አንድ ሰው የአባቱን ቤት ሸጧል። ወንድሙ ከመንገድ ገብቶ ይህን ሊሰማ ነው። የመጀመሪያ ረቂቄ እንዲህ ይል ነበር።

«ቤቱን ሸጥከው?!» አለ ወንድሙ በታላቅ ድንጋጤና ንዴት። «አዎ፣ ሸጥኩት። እንደምታውቀው አባታችን ከሞተ ወዲህ ገቢ የለኝም፤ ዕዳ ነበረብኝ» አለ ታላቅየው ሐዘን በተሞላበት ድምፅ።

«እንደምታውቀው» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ወንድምየው የሚያውቅ ከሆነ ለምን ይነገረዋል? የሚነገረው ለእሱ አይደለም፤ ለአንባቢ ነው። ደራሲው በወንድማማቾቹ መሃል ገብቶ እያስተረጎመ ነው። ድንጋጤውም፣ ንዴቱም፣ ሐዘኑም በስማቸው ተጠርተዋል። ስማቸው ተጠራ እንጂ አንዳቸውም አልመጡም። ከብዙ መሰረዝ በኋላ የቀረው ይህ ነው።

«ቁልፉን አምጣ» አለ ወንድሙ።
«የምን ቁልፍ?»
«የአባባን ክፍል።»
«ሰጥቻቸዋለሁ።»
«ለእነማን?»
ዝም አለ። ወንድሙ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀምሮ ነበር። መልሶ አሰረው።

«ሸጠ» የሚል ቃል የለም። «ተናደደ» የሚልም የለም። ጫማውን መልሶ ያሰረ ሰው ግን በዚያ ቤት እንደማያድር አንባቢ ያውቃል። አደራ፣ ይህን አይቶ «ሁሌ ስሜትን አትጥራ» የሚል ሕግ የሚያወጣ እንዳይኖር። አንዳንድ ጊዜ «ተናደደ» ብሎ ማለፍ ነው የሚሻለው። ትዕይንቱ ትንሽ ከሆነ በአንድ ቃል ይለፍ። ይኼኛው ግን መጽሐፉ የቆመበት ትዕይንት ስለሆነ ቦታ ይገባዋል።

ልብ በሉ፣ ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው አይመጣም ነበር። ምን እየሆነ እንዳለ ለራሴ ለመንገር ያንን መጥፎ ምልልስ መጻፍ ነበረብኝ። ረቂቅ ለዚህ ነው። ደግሞም አዲሱ ምልልስ አዲስ ዕዳ ይዞ መጥቷል። ቁልፉ ተሰጥቷል። እንግዲህ ምዕራፍ 14 ላይ ያ ሰው በዚያ ቁልፍ በር እንዳይከፍት ደብተሩ ላይ መስፈር አለበት።

ስለ ረቂቅ ከተነሳ፣ የቶልስቶይ ባለቤት ሶፊያ መጠቀስ አለባት። «ጦርነትና ሰላም» በተጻፈበት ዘመን የባሏን የማይነበብ እጅ ጽሑፍ እየገለበጠች በንጹሕ ታቀርብለት ነበር። እሱ ደግሞ ንጹሑን ተቀብሎ ዳግመኛ ሰርዞ ደልዞ ይመልስላታል። ደጋግማ ገለበጠችው። የደራሲን ትጋት ስናደንቅ ከጎኑ ሆኖ የሚገለብጠውን፣ ልጅ የሚይዘውን፣ በር ዘግቶ ዝም የሚለውን ሰው እንረሳለን። ዛሬ ግልባጩን ኮምፒውተር ይሠራዋል። የቀረው ግን አሁንም የሰው ነው።

ኮምፒውተሩ ያመጣው የራሱ ጣጣም አለ። ድሮ የተሰረዘ ቃል ከሥሩ ይታይ ነበር። አሁን ያጠፋነው ጠፋ። ሌላው ጣጣ ደግሞ ጽሑፉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታተመ መምሰሉ ነው። መስመሩ እኩል፣ ፊደሉ ቆንጆ። ያልበሰለ ዓረፍተ ነገር የበሰለ ይመስላል። ለዚህ ነው ቢያንስ አንዴ በወረቀት አትሞ ማንበብ የሚበጀው። ከዚያ ደግሞ ጮክ ብሎ።

ጮክ ብሎ ማንበብን በተመለከተ ፍሎቤር ዓረፍተ ነገሮቹን እየጮኸ ይፈትን ነበር። «ማዳም ቦቫሪ» ከ1851 እስከ 1856 አምስት ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ብዙውን ጊዜ የወሰደው ይኸው ነው፤ ጆሮው አልቀበልም ያለውን ማስተካከል። እኛ ዘንድ ይህን የሚያውቅ አንባቢ ብዙ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዓይኑ ሳያነብ በጆሮው የሚያውቀው ሰው ስንት ነው? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው፣ ያ ጽሑፍ ለአፍ የሚመች መሆኑን ይመሰክራል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ በጽሑፍ ላይ ሳይታወቅ ይረዝማል። በዓይን ሲያነቡት ያልፋል። ጮክ ብለው ሲያነቡት ግሡ ጋ ሳይደርሱ ትንፋሽ ያልቃል። ትንፋሽ ያለቀበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ።

ከዚያ የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ይመጣሉ። ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል። እናት አትሁን። «ደስ ይላል» የሚል ወዳጅም አይጠቅም፤ ሁሉን የሚያውቅ ወዳጅም እንዲሁ። የምፈልገው የት ላይ እንደሰለቸው የሚነግረኝን ሰው ነው። ለምን እንደሰለቸውና እንዴት ቢስተካከል እንደሚሻል የሚሰጠውን ምክር አመስግኜ እተወዋለሁ። ቦታው ላይ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ መፍትሔው ላይ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ዲከንስ በ1861 «ታላላቅ ተስፋዎች»ን ሲጨርስ መጨረሻውን ለደራሲ ወዳጁ አሳየ። ወዳጁ ሐዘን በዛበት አለ። ዲከንስ ቀየረው። ከዚያ ወዲህ የትኛው መጨረሻ ይሻላል የሚለው ክርክር አላበቃም። እኔ ከመጀመሪያው ወገን ነኝ። ሄሚንግዌይ ግን መካሪ ሳይጠብቅ የ«ደህና ሁኝ የጦር መሣሪያ»ን መጨረሻ 39 ጊዜ እንደጻፈው ተናግሯል። ምን ቸግሮህ ነበር ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ቃላቱን ማስተካከል የሚል ነበር።

መጻፉ ካበቃ በኋላ ያለውን ነገር ፈጠን ብዬ ልለፈው፤ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም።

አንደኛ፣ ቅጂ። ቺኑዋ አቼቤ የመጀመሪያ ልቦለዱን የእጅ ጽሑፍ፣ ያለውን ብቸኛ ቅጂ፣ ታይፕ እንዲደረግለት ከናይጄሪያ ወደ ለንደን በፖስታ ላከው። ገንዘቡንም ከፈለ። ወራት አለፉ፤ ድምፅ የለም። በኋላ ለእረፍት ወደዚያ የሄደች የሥራ ባልደረባው በአካል ቀርባ ስትጠይቅ ነው የተንቀሳቀሰው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1958 ታተመ፤ ዓለም አነበበው። ያ ጥቅል ጠፍቶ ቢሆን ኖሮስ? የእናንተ ላፕቶፕ ዛሬ ማታ ቢሰረቅስ? መልሱን እቤታችሁ ስትገቡ ሥሩት።

ሁለተኛ፣ ውል። ደራሲ ከአሳታሚ ጋር ሲዋዋል ዓይኑ የሚሄደው ወደ ገንዘቡ ነው። ገንዘቡ ከሽያጭ በመቶኛ የሚታሰብ ሊሆን ይችላል፣ በአንድ ጊዜም ሊከፈል ይችላል። ከዚያ ይልቅ መነበብ ያለባቸው ሌሎች መስመሮች አሉ። መብቱ ለስንት ዓመት ነው የተሰጠው? ትርጉሙ፣ ፊልሙ፣ በድምፅ የሚቀረጸው የማን ነው? የሽያጭ ሂሳብ በየስንት ጊዜው ይቀርባል? መጽሐፉ ከገበያ ጠፍቶ አሳታሚው ዳግም ካላተመው መብቱ ይመለሳል?

ዶስቶየቭስኪ በዕዳ ተይዞ የፈረመው ውል በ1866 ዓመት እስከ ኅዳር 1 አዲስ ልቦለድ ካላስረከበ፣ አሳታሚው ሥራዎቹን ለዘጠኝ ዓመት ያለ ክፍያ ያትማል ይል ነበር። ጥቅምት ገባ፤ ልቦለዱ አልተጀመረም። ያን ጊዜ «ወንጀልና ቅጣት»ን በየወሩ ለመጽሔት እያቀረበ ነበር። አጭር ጽሕፈት፣ ማለትም ንግግርን በምልክት ፈጥኖ መጻፍ፣ የተማረች የ20 ዓመት ወጣት ተቀጠረችለት፤ አና ስኒትኪና። ቀን እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች፣ ማታ ቤቷ ገልብጣ በማግስቱ ታመጣለታለች። እሱ ያንን አርሞ ከዚያው ይቀጥላል። «ቁማርተኛው» በ26 ቀን አለቀ። ሊያስረክብ ሲሄድ አሳታሚው ከከተማ ወጥቷል ተባለ። የእጅ ጽሑፉን ፖሊስ ጣቢያ አስረክቦ ደረሰኝ ተቀበለ፤ ከቀነ ገደቡ ሰዓታት ቀደም ብሎ።

በማግስቱ ዓመት ተጋቡ። በ1873 «አጋንንት»ን ያለ አሳታሚ ራሳቸው አሳተሙ። ወረቀቱን፣ ማተሚያ ቤቱን፣ መጽሐፍ ሻጮቹን የያዘችው አና ናት። መጽሐፍ ሻጮቹ ቤታቸው ድረስ እየመጡ ቅናሽ ይጠይቁ ነበር፤ የምትደራደረው እሷ ነበረች። እሱ በዚያን ሰዓት ተኝቶ ነበር፤ ሌሊት ነበር የሚጽፈው።

እዚህ ላይ ላቁም። ጥያቄ ያለው ሰው ካለ ማይኩ ይዙርለት። ስለ ውልም ከሆነ ደስ ይለኛል።